ቀይ ሪባን የታሰረበት ጥድ

የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ምሳው፣ ቅጠል በማይነቃነቅበት ቀትር፣ ትልቅ ጥድ ወድቆበት ሞተ። ኢንስፔክተር ትርፌ ከሰቆጣ በባጃጅ ስትደርስ አስከሬኑ በጋቢ ተሸፍኖ፣ ሚስቱ ወለተ ሐና ራስጌው ተቀምጣ ነበር። ትርፌ በሳምንቱ ያየችው ሦስተኛው አስከሬን ነው፤ ደክሟታል።

ፖሊሶች የደን ባለሙያውን ባንተአምላክን በካቴና አስረውታል። ባለፈው ሳምንት ዛፎቹን በመሣሪያ የመረመረው እሱ ነው።

«የማይክሮዌቭ ሞገድ ግንዱን ያቋርጣል፤ ውስጡ ባዶ ከሆነ ምስሉ ላይ ይታያል» አላት። «ቀይ ሪባን ያሰርኩት የወደቀው ላይ ነበር። ግን ማን ያምነኛል?»

አሁን ግን ሪባኑ የታሰረው ከወደቀው አጠገብ በቆመው ጥድ ላይ ነው።

«ማሽኑ ዋሽቶ ነዋ!» አለ አናጢው ትእዛዙ። «እኔ በመጥረቢያ ጀርባ አንኳኩቼ እነግራችሁ ነበር፤ ያውም በነፃ።»

«አንተማ ዛፍ ስታይ አልጋ ነው የሚታይህ» አሉት መምሬ ይግዛው።

ትርፌ ሪባን ያሰረበትን ዛፍ ምስል ተቀበለች። ባለሙያው በየግንዱ ዙሪያ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት በጠመኔ ጽፏል፤ በምስሉ ላይ ባዶውን የሚያሳየው ጥቁር ከአራት እስከ ሰባት ነው። በወደቀው ግንድ ላይ በዚያው ቦታ እጇን ብትሰድ እስከ ክርኗ ገባ። ከሥሩ አሮጌ መቃብር አለ። ከቆመው ጥድ ሥር ደግሞ ሣሩ ሰው ሲቀመጥበት እንደኖረ ተኝቷል።

«ምሳውን ምን አልከው?» አለችው ባንተአምላክን።

«ለቅሶ ሄዶ ስለነበር በስልክ ነው የነገርኩት። ቀይ ካለበት ሥር አትቀመጥ አልኩት።»

«እሱ የተባለውን ይሰማል» አለች ወለተ ሐና። «እንደተመለሰ ቁርበቱን ከዚያ ሪባኑ ካለበት ሥር አንሥቶ እዚህ አነጠፈ።»

ትርፌ ሁሉንም ሰብስባ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«መሣሪያው አልዋሸም። ሪባኑን ሰው አዛውሮታል። ምሳውን ሊገድል የፈለገ አይደለም፤ ዛፉ መቼ እንደሚወድቅ ማን ያውቃል? እንጨት የፈለገ ሌላ ሪባን ይጨምራል እንጂ የታሰረውን አይፈታም። ያዛወረው ሰው አንዱን ዛፍ ለማትረፍ ሌላውን የሰጠ ነው። ወደዚህ የሚመጣው መንገድ ሲሠራ ቀይ የተቀባ ዛፍ ሁሉ ተቆርጧል፤ ይሄም የሚቆረጥ መስሎታል።» ፊቷን አዞረች። «መምሬ፣ ከወደቀው ጥድ ሥር ያለው መቃብር የማን ነው?»

«ያባቴ።» መምሬ ወደ መቃብሩ ዞሩ። «እንዳይቆርጡት ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ማንም አይቆርጠውም ነበር፣ አባቴ» አለ ባንተአምላክ። ካቴናው ሲፈታለት እንኳ ቀና አላለም።

መምሬ መስቀላቸውን ጉያቸው ውስጥ ከተቱ። «ለፍትሐቱ ሌላ ካህን ጥሩ። በዚህ እጄ አልፈታውም።»

ወለተ ሐና የጋቢውን ጫፍ ከምሳው ፊት ገለጠች።

«ሃያ ዓመት ኃጢአቱን የሰሙት እርስዎ ነዎት» አለች። «አሁን ደግሞ እርስዎ የራስዎን ይንገሩት።»