ከበሮ የተጨመረበት ሙሾ

ሙሉሃብት የይማርሽን ጽሑፍ ከግድግዳው ላይ ሲያነሳው አልቀደደውም። አራቱንም ማዕዘን በጥፍሩ እየላጠ ቀስ ብሎ አወረደው፤ አጠፈውና የካኪ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ይማርሽ ቀዶ ቢጥለው በወደደች ነበር። የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበር ለአንድ ወረቀት እንዲህ ከተጠነቀቀ ደግ ነገር እንደማይከተል ላሊበላ ውስጥ የማያውቅ የለም።

«ጎበዝ ጸሐፊ ነሽ» አላት። «አራተኛው ዘፈን ሙሾ ነው ብለሻል። የማን ሙሾ ነው?»

«የማንም... የድሮ ነው።»

«እሑድ ስብሰባው ላይ ታስረጅናለሽ። እስከዚያ በደንብ አስቢበት።»

ይማርሽ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በትምህርት ቤቱ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ፣ ከመፈክሮቹና ከምርት ዘመቻው ዜና ግርጌ፣ አንዲት ጠባብ ቦታ ነበረቻት። ከደሴ የሚመጡ አዳዲስ ካሴቶችን እየሰማች አስተያየቷን ትጽፍባታለች፤ ተማሪውም መፈክሩን ዘልሎ የሚያነበው እሷን ነበር። ስለ አንድ የትዝታ ካሴት «ድምፁ ማር ነው፤ ኦርጋኑ ግን እንዳልተጠራ እንግዳ በየመሃሉ ዘው ይላል» ብላ ነበር። ስለ አንድ የአዲስ አበባ ባንድ «ጥሩምባው ያስጨፍራል፤ ዘፋኙ ግን ግጥሙን ራሱም አላመነበት» አለች። ስለ አንድ የኪነት ቡድን ማርሾች ደግሞ «አንዱን የሰማ ሌሎቹንም ሰምቷል፤ ባትሪውን ይቆጥብ» ብላ ትምህርት ቤቱ በሳቅ ሲፈርስ ከረመ። ያን ጊዜ ሙሉሃብት አልሳቀም። ይማርሽ የሙዚቃ መሣሪያ በእጇ ነክታ አታውቅም፤ ጆሮዋ ግን አይስትም። ይህንንም ታውቃለች፤ ትኮራበታለችም።

አሁን የተወሰደባት ጽሑፍ ስለ አብዱልሀሚድ የመጀመሪያ ካሴት ነበር። አብዱልሀሚድ የቅርብ ጓደኛዋ የኡሙሀኒ ወንድም ነው። ቤተሰቦቻቸው ጋሸና ሻይ ቤት አላቸው፤ ኡሙሀኒ ለትምህርት ላሊበላ ተከራይታ ስትኖር እሱ ዘፋኝ ልሁን ብሎ ደሴ ገባ። ካሴቱ ሲደርሳቸው ሁለቱ ጓደኛሞች የደከሙ ባትሪዎችን ፀሐይ ላይ እያሞቁ ደጋግመው ሰሙት። ይማርሽ ታዲያ ለጓደኛዋ ወንድም አደላች እንዳይሏት ብዕሯን ጠበቅ አደረገች። «አራተኛው ዘፈን አዲስ ነው ተብሏል። አይደለም። ብልባላ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ ሙሾ ነው። ሰርቀው፣ ከበሮ ጨምረው፣ ሰርግ አስመሰሉት» ስትል ጻፈች።

ስትጽፍ የታያት ዜማው ብቻ ነበር። ሟቹን ረስታዋለች።

ሟቹ የአክስቷ የእትዬ ብርቅዬ ልጅ ወርቅአገኘሁ ነው። ጫካ ገብቶ ከአማፅያኑ ጋር ሲዋጋ ሞተ ተባለ። ለእንዲህ ያለ ሟች ድንኳን አይጣልም፤ ጮኾ ማልቀስም ያሳስራል። እትዬ ብርቅዬ ከከተማው ውጭ ብልባላ ባለው ቤታቸው በር ዘግተው፣ ከጥቂት ጎረቤቶች ጋር፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱለት። ዜማውን ያወጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ይማርሽም እዚያ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ አክስቷ ላሊበላ መጥተው ከእነ ይማርሽ ቤት ይኖራሉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የብዕርም ያው ነው።

በማግስቱ ኡሙሀኒ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻት። ዓይኗ አብጧል።

«አብዱልሀሚድን ቤተሰብ ሊጠይቅ ከመጣበት ከጋሸና ትናንት ማታ በመኪና አመጡት። ቀበሌ ታስሯል።»

«ኡሙ...»

«ኡሙ አትበይኝ! ሰረቀ አልሽው አይደል? ወላሂ፣ ብልባላን ረግጦ አያውቅም። ዘፈኑን የሰማው ከእኔ ነው። እኔስ ከማን ሰማሁት?»

ኡሙሀኒ ጣቷን ቀሰረችባት።

«ከአንቺ! ውሃ ስንቀዳ፣ ልብስ ስናጥብ ስታንጎራጉሪው። ሙሾ መሆኑን መች ነገርሽኝ? እሱም ‹ጓደኛሽ ስትሰማው ደስ ይላታል› ብሎ ነው የዘፈነው። አሁን ‹ብልባላ ተደብቆ የሚለቀሰው ለወንበዴ ነው፤ ለወንበዴ ሙሾ እንድታወርድ ማን ላከህ› እያሉ ይገርፉታል።»

ኡሙሀኒ ትታት ሄደች። ይማርሽ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ክፍል አልገባችም፤ በቀጥታ ወደ ቤት ሄዳ ምስር ሲለቅሙ ላገኘቻቸው አክስቷ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«እትዬ፣ እሑድ ከጠየቁዎት ዜማውን አላውቀውም ይበሉ። በማርያም ይዤዎታለሁ።»

የእትዬ ብርቅዬ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ።

«ሬሳውን አላየሁ፣ የተቀበረበትን አላውቅ» አሉ። «የቀረኝ ያቺው ዜማ ናት። የሰው ልጅ በእኔ ልጅ ከሚገረፍ ‹የእኔ ነው፣ እኔን እሰሩኝ› እላለሁ። ልጄን ግን አልክድም።»

ይማርሽ የባሰ ጨነቃት። አክስቷ ካመኑ ሙሾው የማን እንደሆነ ተረጋገጠ ማለት ነው። እሳቸውም ይታሰራሉ፣ አብዱልሀሚድም አይፈታም። ለማን እንደምትነግር፣ የት እንደምትሸሽ ጠፋት።

እሑድ የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። መቅረት ስለማይቻል ከቅዳሴ የወጡት ቄሶች ሳይቀሩ መጥተዋል። አብዱልሀሚድ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ ጸጉሩ ተላጭቷል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ኡሙሀኒ ከአባቷ ጋር ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። እትዬ ብርቅዬና የይማርሽ እናት ከኋላ ናቸው።

ሙሉሃብት ጽሑፉን ከኪሱ አውጥቶ አነበበው። ይማርሽ የገዛ ቃሏን በእሱ አፍ ስትሰማው አስጠላት።

«እንግዲህ ጓድ ይማርሽ፣ የማን ሙሾ ነው?»

«ሙሾ አይደለም። ተሳስቻለሁ።»

«አንቺ ትሳሳቻለሽ እንዴ? የአገሩን ካሴት ሁሉ የምታጣጥይው!»

«ጆሮ የለኝም» አለች ይማርሽ። «አዋቂ ለመባል ነው የጻፍኩት። እስከ ዛሬ የጻፍኩትም ሁሉ እንደዚሁ ነው።»

ከተማሪዎቹ መሃል ሳቅ ተነሳ። ፊቷ ነደደ። ሙሉሃብት ግን አልሳቀም፤ ቴፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አራተኛውን ዘፈን ከፈተው።

«ሙሾ ካልሆነ ዘፈን ነዋ። እስቲ አጨብጭቢበት።»

ከበሮው ቀደመ። ከከበሮው ሥር ያ ዜማ መጣ፤ ወርቅአገኘሁ ከነሳቁ፣ በልጅነቷ ለነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ንግሥ ትከሻው ላይ አድርጎ ሲወስዳት ከነበረው አረማመዱ ጋር ትዝ አላት። ከኋላ አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማች። እትዬ ብርቅዬ ሊነሱ ነው።

ይማርሽ አጨበጨበች። ጮክ አድርጋ፣ ከከበሮው እኩል፣ ትከሻዋንም ጨምራ አጨበጨበች። ማንም አላጀባትም። እንባዋ እንዳይወርድ ጣራ ጣራውን እያየች ቀጠለች፤ ዘፈኑ ደግሞ አላልቅ አለ።

ከዚያ ከኋላ ሌላ ጭብጨባ ተጨመረ። የደረቀ፣ ሥራ የለመደ እጅ ነው፤ ከምቱ ትንሽ ትንሽ ይዘገያል። ይማርሽ አልዞረችም። አክስቷ ብልባላ በር ተዘግቶ ደረታቸውን ሲመቱም እንዲሁ ይዘገዩ ነበር። ከበሮውን ትታ ምቷን ከእሳቸው ጋር አስተካከለች።