በቀይ ክር የታሰረችው መርፌ ቁልፍ

ማመን ያቃተው ይተወው። እኔም ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር።

ሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች። ቡልጋሪያ፣ ሩሴ ከተማ፣ የአንድ ሆስፒታል ኤምአርአይ ክፍል። ማሽኑን የማሠራው እኔ ነኝ።

ራሊጻ የምትባል አራስ ልጇን አምጥታለች፤ ሕፃኗ አምስት ቀኗ ነው። ስትወለድ ታፍና ስለነበር አላለቀሰችም። አንጎሏ ተጎድቶ እንደሆነ የሚነግረን ያን ቀን የምናነሳው ምስል ነበር።

ጡት ጠግባ፣ ተጠቅልላ ተኝታለች። የጠቀለሏት አያቷ፣ ባባ ጾንካ ናቸው፤ «ባባ» በእኛ አገር አያት ማለት ነው።

«እማማ፣ ብረት ነገር የለባትም አይደል?»

«ኧረ የምን ብረት፣ ልጄ!»

የመጀመሪያው ምስል መጣ... ከግራ ጆሮዋ አጠገብ ጥቁር ጉድጓድ።

ብረት ምስል ይበላል። ወዲያው ገባኝ።

ጨርቁን ስፈታው በቀይ ክር የታሰረች መርፌ ቁልፍ አገኘሁ።

«እማማ! ማሽኑ እኮ ብረት ይስባል! ሊወጋት ነበር!»

«የሰው ዓይን እንዳይበላት ነው... አታውልቂባት፣ ልጄ።»

አወለቅኩት። ደሜ ፈልቶ ነበር።

ሁለተኛው ምስል...

ጥቁሩ አልጠፋም። ግንባሯ ላይ መጥቷል።

ራቁቷን አድርጌ ፈተሽኳት። ምንም የለም።

ሦስተኛው... እርግብግቢቷ ላይ።

ከማሽኑ ክፍል በሚለየኝ መስታወት አየኋት። ነቅታለች። አታለቅስም። ከበላይዋ ያለ ነገር በዓይኗ ትከተላለች...

«ቁልፉን መልሺላት» አሉኝ ባባ ጾንካ በሹክሹክታ።

ፈራሁ። ሕፃኗን ከማሽኑ አውጥቼ ቁልፉን መለስኩላት።

በእርግብግቢቷ በኩል በአልትራሳውንድ ሲያዩዋት ጉዳት አልተገኘም። ውስጡን አጥርቶ ለማየት ግን ኤምአርአይ የግድ ነበር። ዶክተሩ ምስሉ ለምን እንደተበላሸ ጠየቀኝ።

«ብረት ነበረባት» ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር አፍሬ ነው።

ለማግስቱ ቀጠሯት። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ጠዋት እንደወትሮዬ ማሽኑን በውሃ ጠርሙስ ሞከርኩት። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ጠርሙሱ ነጭ ሆኖ ወጣ...

በዚህ በኩል እንደ ጣት አምስት ጥቁር መስመር። በዚያ በኩል አምስት።

የጨቅላ ራስ እንደሚያዝ ይዞታል።

በሩ ተንኳኳ። ባባ ጾንካ ናቸው።

«ምስሉን ያበላሸው ቁልፉ ነው አለኝ ዶክተሩ። ዛሬስ አላስቸግርሽም፣ ልጄ።»

ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። የሕፃኗ ሙቀት ገና አልለቀቀውም።

«ራሊጻስ?» አልኩ።

«በዚያኛው በር ገባች እኮ...»

ወደ መስታወቱ ዞርኩ። ራሊጻ ልጇን ማሽኑ ላይ አስተኝታ፣ እጇን ከላይዋ አንስታ ቆማለች።

የሕፃኗ ራስ ግን አልጋውን አልነካም።