ለመርፌ የተሠራው ጣሳ

ታላቁ ጦርነት አብቅቶ ሠራዊቱ ወደየቤቱ በሚመለስበት በዚያ ክረምት፣ ትኩሳትም ከሠራዊቱ ጋር አብሮ ገባ፤ የጦር ሆስፒታሉ አዳራሾች ሞልተው በሽተኛው በረንዳ ላይ ተኛ። ከጧት እስከ ማታ መርፌ ሲወጉ የሚውሉት ዋና ነርሷ ነበሩ፤ ትልቅ ትንሹ «እትዬ» ይላቸዋል።

በዚያ ዘመን መርፌ አንዴ ተወግቶበት አይጣልም፤ ከብርጭቆው ስሪንጅ በጣት ተነቅሎ፣ ታጥቦና ተቀቅሎ ለሌላው በሽተኛ ይደርሳል። እትዬም እንደወትሮው አንዱን ሲነቅሉ ሾልኮ አውራ ጣታቸውን ወጋቸው። ደሙን ጠረግ አድርገው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ክረምቱ ሳያልቅ ግን በመርፌው ከበሽተኛ ደም የተጋባባቸው የጉበት በሽታ ዓይናቸውን ቢጫ አደረገው፤ ጉልበታቸውም ከዳቸው።

ባለቤታቸው ቆርቆሮ ሠሪ ነበሩ። ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ የተገናኙ ባልና ሚስት ናቸውና፣ ሰውየው ሱቃቸውን ዘግተው ከአልጋው አጠገብ አልጠፋ አሉ።

«ሰው ስትወጊ ኖረሽ፣ ተራሽ ደረሰ?» አሉ ሾርባውን በማንኪያ እያቀረቡ።

«አያስቁኝ፤ ጎኔን ያመኛል» አሉ እትዬ። ፈገግታቸው ግን ወዲያው ጠፋ። «እኔስ ኖሬአለሁ፤ አንጀቴን የሚበሉኝ እነዚያ ነርስ ልጆች ናቸው። ነገም መርፌውን በጣታቸው ሊነቅሉ ነው። እጅ ሳይነካው የሚወልቅበት ዘዴ ቢገኝ…»

ሰውየው ማንኪያውን አስቀመጡ። «የቱ ጋ ነው የሚያዘው? እስቲ አሳዪኝ።»

በማግስቱ የወተት ጣሳ ይዘው መጡ፤ ክዳኑ ላይ ጠባብ ስንጥቅ ቆርጠውበታል። እትዬ ትራስ ተደግፈው በታጠበ መርፌ ሞከሩት፤ አልይዝ አለ። ሌላ ክዳን ቆረጡ፤ እሱም ተጣመመ። በመጨረሻ አንዱ መርፌውን አንገቱ ላይ ነክሶ ያዘው፤ ስሪንጁን ሳብ ሲያደርጉት መርፌው ብቻውን ጣሳው ውስጥ ቀጭ ብሎ ወደቀ።

እትዬ የባላቸውን እጅ ያዙ፤ ቆርቆሮው ተልትሎታል።

«የሰው ጣት ላድን ብለው የራስዎን ጨረሱት!»

«የእኔስ ለምዷል። አንቺ ብቻ ተነሺልኝ።»

ጣሳውን ያዩት የሆስፒታሉ ኃላፊ ሻለቃ ሐኪም በየአዳራሹ እንዲቀመጥ አዘዙ። እትዬም በስንት ጭንቅ ድነው ተመለሱ፤ ቆሞ መዋል ስላቃታቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው «እጅሽን ሰብስቢ!» እያሉ ወጣቶቹን ነርሶች አስተማሩ።

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ትኩሳቱ የፈጀውን ሕዝብ ቆጥረዋል፤ የጦር አዛዡን ስምና ማዕረግም መዝግበዋል። ስለ ጣሳው የጻፈ የለም፤ አንዴ ተወግቶበት የሚጣል መርፌ ሲመጣም ጣሳዎቹ ዝገው ተጣሉ። ደግሞስ ምን ተብሎ ይጻፍ? በእነዚያ አዳራሾች ሠርተው፣ ልጅ አሳድገው፣ በወጉ አርጅተው የሞቱ ነርሶች ነበሩ፤ ከምን እንደተረፉ ራሳቸውም አላወቁም።