እኔስ ዘግቼው ነበር

እኔ እንግዲህ የጠንቋይ ደጃፍ ያልረገጥሁ፣ ሰው ስለ ዛርና ስለ መንፈስ ማውራት ሲጀምር ሻይዬን ይዤ ወንበር የምቀይር ሰው ነኝ፣ ከማርቆስ ወደ ወረታ የመጣሁትም ኮምፒውተር ላስተምር እንጂ እንዲህ ያለ ወሬ ልሰበስብ አይደለም። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ዝጋው» ነው የሚሉኝ፣ የላፕቶፑን ክዳን ከድኖ እብስ የሚል ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። መክደን መዝጋት አይደለማ፣ አስተኛኸው እንጂ አላጠፋኸውም፣ ባትሪህን ሲጠባ ያድራል። የተዘጋ ማሽን ሲከፈት ከአምራቹ አርማ ይጀምራል፣ የተኛው ግን ካቆምህበት ይነሳል። ይቺን ልዩነት ያዝልኝ፣ ኋላ ትፈልጋታለህ።

የተከራየሁት መሪጌታ ይባቤ ግቢ ነው። ዕድሜያቸው ገፍቶ፣ ደረታቸው ደክሞ፣ ተማሪዎቻቸውም ተበትነው ነበር፣ ባለፈው ክረምት አንድ ቀን «መምህር፣ የክረምቱን ዜማ በዚያ በማሽንህ ቅዳልኝ፣ ከእኔ ጋር አፈር አይብላው» አሉኝ። ላፕቶፔን አልጋቸው አጠገብ አስቀመጥሁ፣ እሳቸው በመቋሚያቸው ወለሉን እየመቱ ጀመሩ። መሀል ላይ ስንደርስ ዝናቡ መጣና እንደ ልማዱ መብራት ሄደ፣ እሳቸውንም ሳል ያዛቸው።

«በቃ፣ ነገ እንቀጥላለን። ልዝጋው» አልኋቸው።

«አትዝጋው። ጀምሬ አልጨረስሁም፣ እንዳለ ይቆየኝ።»

ለእሳቸው ስለ ባትሪ ምን ትነግራቸዋለህ? ቅጂውን አቆምሁና ክዳኑን ከደንሁት፣ እኔ «ዝጋው» የምባለው ሰው። ጎህ ሳይቀድ መሪጌታ አረፉ።

ሜዳው ውኃ ይዞ ስለነበር ከገጠር የመጡት ዘመዶች በጭቃ እየተንቦጫረቁ ነው ቀብር የደረሱት። ከቀብር መልስ ባለቤታቸው እማማ ጥሩሰው ግን ከዘመዱ ሁሉ ይልቅ ማሽኑን ነበር የሚያዩት። «ልጄ፣ እስከ አርባቸው አትዝጋብኝ። ዜማ ጀምረው ማቋረጥ በዕድሜያቸው አያውቁም፣ እዚህ ልባቸው ተንጠልጥሎ መንገዳቸውን እንዴት ይሄዳሉ?» አሉኝ። እሺ አልሁ፣ ምን ልበል?

መብራቱ ግን በዚያው ቀረ፣ ባትሪውም ቀይ አሳየ። እስቲ አስበው፣ ተኝቶ ከቆየ ባትሪው ሲያልቅ ድርግም ይላል። ያቺ ሃይበርኔት የምትባለው ደግሞ፣ የከፈትኸውን ሁሉ ዲስክ ላይ አስቀምጣ የምታጠፋው፣ በእኔ ማሽን ከገባች ለመውጣቷ ዋስ የላትም፣ አንድ ጊዜ ጉድ ሠርታኛለች። ስለዚህ ቅጂውን ሴቭ አድርጌ፣ ሙሉ በሙሉ ዘጋሁት፣ ባትሪውንም ነቅዬ ኪሴ ከተትሁ፣ ባዶውን ማሽን አልጋቸው አጠገብ ወደ ቦታው መለስሁት። ለእማማ አልነገርኋቸውም፣ ያዘኑትን ሰው ለምን ላስከፋ?

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ለቀስተኛው ወጣ ሲል፣ እኔና እማማ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ዝናቡን እያየን፣ ከውስጥ ጓ የሚል ድምፅ ሰማሁ። አይጥ ነው አልሁ። ቆየት ብሎ ደገመ፣ ቀስ ያለ፣ ልኩን የጠበቀ፣ የመቋሚያ ምት። ከሥሩ ደግሞ ሰው ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ያለ ነገር። እመነኝ፣ ባትሪውን ኪሴ ውስጥ በእጄ ጨብጬው ነበር። ወደ እማማ ዞር ስል ከንፈራቸው ድምፅ ሳያወጣ ይንቀሳቀሳል፣ ከምቱ ጋር እኩል።

ገባሁ። መቋሚያው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ ማሽኑ እንደተከደነ ነው፣ ጭጭ። ክዳኑን ብነካው ይሞቃል። ግራ ገብቶኝ ባትሪውን መለስሁና ገና ክዳኑን ቀና ሳደርገው አርማው የለ ምን የለ፣ ካቆምሁበት ተነሳ፣ ያው የቅጂው ገጽ። የድምፁ መስመር ግን አልቆመም፣ እየቀዳ ነበር።

አቁሜ አጫወትሁት። ሳላቸው፣ የእኔ «ልዝጋው»፣ የእሳቸው «አትዝጋው»፣ ከዚያ ያቆምሁበት ቦታ። ከዚያ ወዲያ ምንም ሊኖር አይገባም ነበር። ድምፃቸው ግን ቀጠለ፣ ሳል የሌለበት፣ የጎልማሳ ድምፅ፣ ከኋላው ዝናብ፣ ከዝናቡ መሀል ደግሞ እማማ «እስከ አርባቸው አትዝጋብኝ» ሲሉ። ይህን ያሉኝ ከቀብር መልስ ነው እኮ። ዜማው እስከ መጨረሻው ሄዶ አለቀ።

እማማ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ጨረሱ» አሉ፣ እንባቸው እየወረደ፣ ፊታቸው ግን ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ ብሎ። «በል አሁን ዝጋው ልጄ፣ ይረፉ።»

ልዘጋው ጣቴን ላክሁ። ቅጂው ግን ገና ቀሪ ነበረው፣ የእግር ኮቴ ሲገባ ይሰማል፣ ክዳን ሲነሳ፣ የራሴው ትንፋሽ። ከትንፋሼ አጠገብ፣ በጣም ቅርብ፣ አንድ ሰው ሲስል ይሰማል።

አንዱ ጓደኛዬ «በደንብ ሳትዘጋው ቀርተህ ይሆናል» ይለኛል፣ ለእኔ። እሺ፣ ባትሪውስ? አላውቅም፣ ባሰብሁት ቁጥር ይጠፋብኛል። አርባቸው ወጣ፣ እማማም እንቅልፍ ወስዷቸው ያድራል። ማሽኑ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ገመዱ እንደተሰካ፣ ተከድኖ፣ ተማሪዎቼ እያዩ ይስቁብኛል። እማማ አልፎ አልፎ «ዘጋኸው አይደል?» ይሉኛል፣ «አዎ» እላለሁ። እንዴት ብዬ ልዝጋው? አንድ ጊዜ ዘግቼው አይቻለሁ፣ አሁንም ዘግቼው ስከፍተው ከአርማው ባይጀምርስ?