ቆቋ የታቀፈችበት ፈር

«ጻፊ እንጂ ልጄ!» አሉ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ አድማሴ። «‹ዳኘው ድንበር ገፍቷል› ብለሽ ጻፊ።»

ያይኔአበባ እስክሪብቶዋን የቃለ ጉባኤው ወረቀት ላይ እንዳሳረፈች ቀረች። ግራሩ ሥር የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እሷን ይጠብቃል። ቡሬ ሄዳ ሰባተኛ ክፍል የምትማር ልጅ አንዲት መስመር መጻፍ እንዴት ያቅታታል? አባቷ አቶ ደርበው ብቻ ወደ እሷ አላዩም። በዱላቸው ጫፍ መሬቱን ይጭራሉ።

ስብሰባው የተጠራው ለቆቅ ነበር። መጀመሪያ ሲሰማ ሰው ሁሉ ስቋል። ከፍኖተ ሰላም የመጡት የዱር አራዊት ጥበቃ ባለሙያ፣ ጓድ ክንፈሚካኤል፣ ቆቅና ጅግራ ከኮረብታው እየጠፉ መሆኑን ሲያስረዱ አንዱ ከኋላ ተነሣ።

«ጓድ፣ ቆቋ በማኅበሩ ተመዝግባለች ወይ? በቆሎ ስዘራ እግር በእግር እየተከተለች የምትለቅመውስ በማን ስም ይያዝ?»

ባለሙያውም አብረው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ነገሩን አቅልለው አስረዱ። ቆቅ የምትታቀፈው መሬት ላይ፣ ሣር ውስጥ ነው። በእርሻና በእርሻ መካከል ያለው የድንበር ሣር ካለቀ ጎጆ የምትሠራበት የላትም። ስለዚህ በየድንበሩ አምስት እርምጃ ሣርና ቁጥቋጦ ሳይታረስና ሳይቃጠል ይቆይ አሉ። ሰዉም እያጉረመረመ ተስማማ።

ጣጣው የመጣው ጠዋት የተለካው የየድንበሩ ስፋት ሲነበብ ነው። በደርበውና በዳኘው እርሻ መካከል ያለው ድንበር አምና አምስት እርምጃ ነበር፤ ዘንድሮ አራት ሆኖ ተገኘ።

«ማን ገፋው?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«እኔ እንደሆንሁ ድንበሬን አውቃለሁ፣ አያ አድማሴ! ስንት ዓመት አርሻለሁ፣ ማን ምን ብሎኝ ያውቃል?» አሉ ደርበው ፈጠን ብለው።

አቶ ዳኘው የአዊ ሰው ናቸው፤ አፋቸውን የፈቱት በአገውኛ ነው። ሲናደዱ አማርኛው ቶሎ አይመጣላቸውም። «እኔ… ማረሻዬ አልነካውም» አሉ። ጉባኤው ፈጣኑን ምላስ አመነ። ዳኘው ከእርሻቸው ሁለት ፈር ለድንበሩ እንዲለቁ፣ ጥፋታቸውም በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ተወሰነ። በዚያ አገር ድንበር ገፊ የተባለ ሰው ስሙ ቶሎ አይጸዳለትም።

ያይኔአበባ ግን እውነቱን ታውቃለች። ባለፈው ቅዳሜ ምሳ ይዛ ስትደርስ አባቷ የድንበሩን ሣር እየገለበጡ ነበር፤ ሁለተኛውን ፈር ጀምረዋል።

«ይቺ ምን አላት? አሥር አገዳ በቆሎ ብታበቅል ነው» አሏት፣ ሳትጠይቃቸው።

ወዲያው ከበሬዎቹ እግር ሥር አንዲት ቆቅ ቱር ብላ ወጣች። ሣሩን ገለጥ ሲያደርጉ ሰባት እንቁላል አገኙ። ደርበው ማረሻውን ነቀሉ፤ በሬዎቹን አዞሩ፤ ጎጆዋን ከነሣሯ በታረሰው አፈር መካከል ትተው አለፉ። ከዚያ ቁጥቋጦ ሥር ቁጭ ብለው በአፋቸው እንደ ቆቅ ጮኹ። ከኮረብታው ላይ አውራው ሲመልስላቸው አባትና ልጅ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ለማንም እንዳታወሪ» አሉ በመጨረሻ። ስለ እንቁላሉ ይሁን ስለ ፈሩ አልጠየቀቻቸውም። ለቆቅ በሬ የሚያዞር አባት ስንት ሰው አለው? ትወዳቸዋለች፣ እጅግ ትወዳቸዋለች። አሁን እጇን የያዛትም ይኸው ነበር።

አቶ ዳኘውን አየቻቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ የጋቢያቸውን ጫፍ በጣታቸው ይጠመዝዛሉ። ያይኔአበባ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለችና ጻፈች።

«ረዘመብሽ!» አሉ አቶ አድማሴ።

«ጨረስኩ ጋሼ።»

ቃለ ጉባኤ ሲያልቅ ለሁሉም ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ከዚያ የሚፈርም ይፈርማል፣ የማይችል ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። ደርበው ፈራሚ ናቸው። አምና በመሠረተ ትምህርት ያስተማረቻቸው ራሷ ናት። መጀመሪያ የለዩዋት ፊደል «ደ» ነበረች፤ ያን ሳምንት በየበሩና በየአገልግሉ ላይ በከሰል ጽፈዋት እናቷን አማርረዋል።

ያይኔአበባ ለንባብ አልቆመችም። ወረቀቱን ይዛ ወደ አባቷ ሄደች።

«አባዬ፣ መጀመሪያ እርስዎ ያንብቡት።»

ደርበው እንዳስተማረቻቸው ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ፣ ከንፈራቸውን ያለ ድምፅ እያንቀሳቀሱ አነበቡ። «ድንበሩን የገፉት አቶ ዳኘው አይደሉም። ሁለቱ ፈር የታረሰው በአቶ ደርበው በኩል ነው። በፈሩ መካከል ሰባት እንቁላል ያላት የቆቅ ጎጆ አለች። አራሹ ዞረውላታል።»

ጨርሰው ጣታቸውን ወደ ስማቸው መለሱና እዚያው አቆሙ። ያይኔአበባ እንባዋ ሲመጣ ተሰማት፤ ወረቀቱን ግን አልነጠቀችም።

«‹ዞረውላታል› ብለሽ ጻፍሽ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ዞረውላታላ!»

«ሌላውንም ጽፈሻል።»

«ሌላውንም ጽፌያለሁ። እርስዎ ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል፣ አባዬ። ካልነገሯቸው ግን አነበዋለሁ።»

ደርበው ልጃቸውን አዲስ ሰው እንደሚያዩ አዩዋት። ከዚያ ወረቀቱን መለሱላት።

«አንብቢው። የእኔ ምላስ ዛሬ ብዙ ተናገረ።»

ተነሡ። ዱላቸውን ይዘው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው ጉባኤውን አቋርጠው፣ አቶ ዳኘው የተቀመጡበት ድንጋይ ዘንድ ደርሰው ቆሙ። ዳኘው ቀና ብለው አላዩአቸውም። ጥቂት ቆይተው ግን ፈቀቅ አሉና ቦታ ለቀቁላቸው።

ያይኔአበባ ጉሮሮዋን ጠርጋ ማንበብ ጀመረች።