የአንድ ቀን ፎቶዎች

«ዛሬ ስንት ሰው ወደዳት?» አሉ እትዬ ዓለምጸሐይ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው።

«ሦስት መቶ አሥራ ስምንት» አለች ጽዮን።

«ልክ እንደ ሠለስቱ ምዕት ሊቃውንት ቁጥር! እሰይ የኔ ልጅ!»

ጽዮን ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከትምህርት ቤት ገና መመለሷ ነው፤ ደብተሯን እንኳ አላስቀመጠችም። መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ እነሱ ሰፈር ፌስቡክ የሚከፍት ስልክ ያላት ተማሪ እሷ ብቻ ስለሆነች፣ ዓረብ አገር ልጅ ያላቸው እናቶች ሁሉ እሷ ዘንድ ነው የሚመጡት። እትዬ ዓለምጸሐይ ደግሞ በየሁለት ቀኑ። ትልቋ ልጃቸው ፅጌረዳ ከሄደች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች።

ፎቶው ላይ ፅጌረዳ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ነጭ መኪና ተደግፋ ትስቃለች። ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳርቻ ቆማ ነበር፤ ከዚያ በፊት አይስክሬም ይዛ።

«ወፍረሻል፣ አምሮብሻል በይልኝ። ከሰው ዓይን ይጠብቅሽ በይልኝ።»

ጽዮን የተባለችውን ጽፋ ላከች።

እሳቸው መርቀዋት ሲሄዱ ኢንቦክሷን ከፈተች። ከሁለት ወር በፊት የመጣው መልእክት እዚያው አለ።

«ጽዮንዬ፣ ፎቶዎቹ ሁሉ የአንድ ቀን ናቸው። በመጣሁ በወሩ አንድ ቀን ከቤት ወጥቼ ነበር፤ ያን ቀን ልብስ እየቀያየርኩ ተነሣሁ። አሁን አንድ በአንድ እያወጣሁ የምለጥፈው እሱን ነው። ቀኝ እጄን የፈላ ዘይት አቃጥሎኝ ጣቶቼ አይታጠፉም። ማዳም አባረረችኝ። አንዲት የደብረ ታቦር ልጅ ክፍል ውስጥ ወለል ላይ እተኛለሁ። መምጣት እፈልጋለሁ፤ ግን አገር ምድሩ ያንን ፎቶ ካየ በኋላ በምን ዓይኔ ልምጣ? ለእማዬ እንዳትነግሪ፣ በማርያም።»

ጽዮን ያኔ «እሺ» ብላ መልሳላት ነበር። ቀላል መስሏት ነበር። ምስጢር መጠበቅ ማለት ዝም ማለት ነው ብላ ነበር። ይሄ ግን ዝምታ አልሆነም፤ በየሁለት ቀኑ እናትየው ፊት ተቀምጣ የሌለ ደስታ ማንበብ ሆነ። አሁን አሁን ፌስቡክ ስትከፍት የሚስቅ ሰው ባየች ቁጥር «ይሄስ የየትኛው ቀን ይሆን?» ትላለች። እሷም ብትሆን ሒሳብ የወደቀች ዕለት ስትስቅ የተነሣችውን ለጥፋ፣ አርባ ሰዎች ላይክ አድርገውላት ነበር። ምን ሆንሽ ያላት አልነበረም።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ሩትን አገኘቻት። ሩት የፅጌረዳ ታናሽ እህት ናት፤ ዘጠነኛ ክፍል ከጽዮን ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። መማሪያ መጻሕፍቷን አቅፋለች።

«የት ነው?»

«ላስረክብ።»

«ለምን?»

«ፅጌ ዘንድ ልሄድ ነዋ!» ሩት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደላላው እማዬን አነጋግሯታል። ፓስፖርቱ ላይ ዕድሜዬን ሃያ ሦስት ያስብለዋል።»

«አሥራ አምስት ዓመትሽ እኮ ነው!»

«ፋራ አትሁኚ። እዚህ ተቀምጬ ከምደበር እንደ ፅጌ ብሆን አይሻለኝም? ፎቶዋን አላየሽም?» ልትሄድ ብላ ዞር አለች። «ደግሞ ለእሷ እንዳትጽፊላት። ሰርፕራይዝ ነው።»

ከሰዓት በኋላ መምህሩ ያስተማሩት ምን እንደሆነ ጽዮን አታውቅም። ቤት እንደገባች ለፅጌረዳ ጻፈች። «ሩት ወደ አንቺ ልትመጣ ነው፣ መጽሐፍ እያስረከበች ነው። ለእናትሽ ዛሬውኑ ንገሪያቸው። አለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ወዲያው ማየቷን የሚያሳየው ምልክት መጣ። መልስ ግን አልመጣም። ጽዮን አንድ ሰዓት ያህል ጠበቀች። ብትናገር ፅጌረዳ ዳግመኛ አታናግራትም። ሰፈሩም «አንቺን ብሎ ምስጢር ጠባቂ» ይላታል። ስልኩን አጥፍታ መተኛት አማራት፤ እንቅልፍ ሳይሆን ድካም ነበር። ከዚያ ተነሥታ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች።

እትዬ ዓለምጸሐይ በረንዳ ላይ ምስር ይለቅማሉ። ሩት አጠገባቸው ልብስ ታጥፋለች።

«አዲስ ፎቶ ወጣ እንዴ ልጄ?»

«የለም እትዬ። ዛሬ ፎቶ የለም። የራሷን ቃል ነው የማነብልዎት።»

ተቀመጠችና አነበበች። ቶሎ ለመጨረስ አልቸኮለችም፣ የዘለለችውም የለም። «ለእማዬ እንዳትነግሪ» የሚለውንም አነበበችው።

መጀመሪያ የተናገረችው ሩት ናት። «መቼ ነው የጻፈችልሽ?»

«ሁለት ወር ሆነው።»

«ሁለት ወር? ለእማዬ ‹አምሮባታል› እያልሽ ስታነቢላት የነበረው...»

«አዎ» አለች ጽዮን።

እትዬ ዓለምጸሐይ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ። አላለቀሱም። «ቀኝ እጇን ነው ያለችው?» ብለው ጠየቁ።

«ቀኟን ነው እትዬ።»

«ጻፊልኝ።»

ጽዮን ስልኩን አስተካክላ ያዘች።

«ነይ በያት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለኝም። ነይ ብቻ በያት።»

ጽዮን ጻፈችው። ከመላኳ በፊት ግን ስልኩን ወደ ሩት ዘረጋች። ሩት ቀና ብላ አላየቻትም። በመጨረሻ እጇን ከልብሱ ላይ አነሣች፤ ስልኩን ተቀበለችና ራሷ ላከችው።