ወደ ሙቀቱ የተመለሰችው ሳህን

በጃንሆይ ጊዜ ሻምበል መሸሻ ካነጠሰ የቀጨኔ ሌባ ሁሉ የሰረቀውን ይመልሳል ይባል ነበር፤ ያውም ሲያሳንሱት ነው። በዚያ የነሐሴ ጠዋት፣ የእንጦጦ ብርድ የአንበሳ ጥርስ ሲያንገጫግጭ፣ ጉለሌ ካለ አንድ የምርምር ቤት ተጠራ።

የቤቱ ተመራማሪ ዶክተር ስብሐት ማይክሮስኮፑ ላይ እንደተደፋ ሞቷል፤ ማጅራቱን በምድጃ ብረት ተመቷል። የማይክሮስኮፑ መብራት አልጠፋም፤ መስታወቱ ሥር ግን ምንም የለም። መሸሻ ጥግ ያለውን፣ ሕዋስ የሚሞቅበትን ሳጥን ከፈተ። አንዲት የብርጭቆ ሳህን አገኘ። ሬሳውን አስነስቶ በማይክሮስኮፑ ሲያያት፣ ውስጧ ያሉት ሕዋሶች ሁሉ አንድ ላይ ይመታሉ።

«ጌታዬ» አለ ዘበኛው ዋቅጋሪ፣ «ማለዳ የዶክተሩ ባለቤት እየጮኹ ሲወጡ አይቻለሁ። ጩኸታቸው ሽሮ ሜዳ ተሰምቷል!»

«የጓሮው በርስ?»

«እሱማ ዝናቡ አሳብጦት ክረምቱን ሙሉ አይዘጋም።»

የዶክተሩን ሚስት ወይዘሮ ብርቅነሽን ሁለት ፖሊሶች ይዘዋታል።

«ቀንቻለሁ፤ አልክድም!» አለች። «እኔ አልጋ ሳሞቅ እሱ እዚህ ሕዋስ ያሞቃል። ያቺን ሳህን ባገኛት እፈጠፍጣት ነበር። እሱን ግን... ሻምበል፣ ባሌ እኮ ነው!»

የስብሐት የሥራ ባልደረባ ዓምሃ ራሱን ነቀነቀ። «ምስኪን! የጫጩት ልብ በትኖ፣ ሕዋሶቹ ተፈላልገው፣ ተያይዘው እንደገና ልብ ይሆናሉ ይል ነበር። እስከ ትናንት ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነበር የሚመታው።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ እዚህ ክፍል አልገባሁም።»

መሸሻ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበ። መስኮቱን በረገደና ሳህኗን ብርዱ ላይ አስቀመጣት። ብርቅነሽ «እሰይ!» አለች። ዋቅጋሪ ካፖርቱን ሰበሰበ። ዓምሃ ግን እንደ ነብር ዘለለ።

«ይሞታሉ! አንድ ላይ መምታት የጀመሩት ገና ዛሬ...»

አፉን በእጁ ያዘ።

«ጨርሰው እንጂ!» አለ መሸሻ። «ዛሬ አልገባህም፤ ታዲያ ማን ነገረህ? ስብሐት የሞተው ሳህኗን ሲያይ ነው፤ መብራቱ ይመሰክራል። ሬሳ ደግሞ ተነስቶ ሳህን አይመልስም። ወይዘሮ ብርቅነሽ ቢሆኑ ይፈጠፍጧት ነበር። ዋቅጋሪ ለሳጥኑ ደንታ የለውም። ሰው ገድሎ ሲያበቃ ሕዋሶቹ እንዳይበርዳቸው የተጨነቀው፣ ነገ የራሱ አድርጎ ሊያሳያቸው የፈለገ ነው።»

ዓምሃ ጮኸ። «እንቁላሉን የመረጥኩት እኔ! ልቡን የበተንኩት እኔ! እሱ ግን ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ እንኳ ሳያነሳ ‹ስሜን ዓለም ሊሰማው ነው› አለኝ።»

ፖሊሶቹ ብርቅነሽን ለቀው እሱን አሰሩት። እሷ ሳህኗን ከመስኮቱ አነሳች። ሁሉም ትፈጠፍጣታለች ብለው ጠበቁ። ማይክሮስኮፑ ሥር አድርጋ ብዙ አየቻት። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ወደ ሳጥኑ መለሰቻት።

«የሳጥኑን መዝጊያ ጠበቅ ያድርጉት» አላት ዓምሃ ከበሩ ዞሮ። «ብርድ ያስገባል።»